ምግብ ቤት ሳይሆን ሰፈር አስጎብኙን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ። የምግብና የመዝናኛ ገጻችሁን ከፊት ገጹ ቀድሜ ነው የምገልጠው። ስለዚህ የምጽፈውን የወዳጅ ቅሬታ አድርጋችሁ ውሰዱልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ምግብ ቤትና ስለ ቢራ በጻፋችሁ ቁጥር «ምርጥ አስር»፣ «ምርጥ አምስት» ትላላችሁ። አንደኛው ቤት ከከተማው አንድ ጫፍ፣ ሁለተኛው ከሌላው ጫፍ ይሆናል። አንባቢው ጋዜጣውን ይዞ መኪና ያስነሳል፣ ይሄዳል፣ ይሰለፋል፣ አንደኛ የወጣውን ምግብ አዝዞ ፎቶ ያነሳል፣ ይበላል፣ ይመለሳል። ቤቷ ምን ዓይነት ሰፈር ውስጥ እንዳለች፣ ጎረቤቷ ማን እንደሆነ፣ ዳቦዋ ከየት እንደሚመጣ፣ ቢራዋን ማን እንደሚጠምቅላት ሳያውቅ ነው የተመለሰው። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቤት ለቤት ማወዳደሩን ተዉትና ሰፈር አስጎብኙን። አንድ ሰፈር፣ በእግር፣ ከዳር እስከ ዳር።

ለምን ብትሉ፣ ጥሩ ቤት ብቻውን አይቆምም። ሰው ተዋውቆ በሚኖርበት ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤትና ትንሽ ጠማቂ ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት። ብዙ ትንንሽ ጠማቂዎች ወጥ ቤት የላቸውም። ቦታቸው ለጋኖቹና ለማቀዝቀዣው እንጂ ለምድጃ አይበቃም። ደንበኛው ደግሞ በባዶ ሆዱ መጠጣት የለበትም። ስለዚህ ከጎረቤት ምግብ ቤት ይታዘዛል፣ ወይ ደንበኛው ራሱ ገዝቶ ይዞ ይገባል። ምግብ ቤቱም በተራው ቢራ ከሩቅ ከማስመጣት ትናንት በርሜል የተሞላውን የጎረቤቱን ይቀዳል። አተላውም አለ። 100 ሊትር ቢራ ሲጠመቅ 20 ኪሎ ገደማ እርጥብ የብቅል አተላ ይተርፋል። አብዛኛውን ከብት አርቢዎች ይወስዱታል። አንዳንድ ቦታ ግን ዳቦ ጋጋሪው ከዱቄት ጋር ለውሶ ይጋግረዋል፤ ዳቦው ዞሮ ምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ይሄን ሁሉ «ምርጥ አስር» በሚል ዝርዝር ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

የለንደኑን በርመንዚ ተመልከቱ። በባቡር ሐዲድ ድልድይ ሥር ባሉት ቅስት ክፍሎች ውስጥ ጠማቂዎች ተደርድረው ይገኛሉ። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ከርነል የሚባለው ነው፤ በ2009 ነው የተጀመረው (ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። መሥራቹ ኤቪን ኦሪዮርደን ከዚያ በፊት አይብ ሻጭ ነበር። አይብ ሲሸጥ የለመደውን፣ ማን ሠራው፣ ከምን ሠራው የሚለውን ጥያቄ ወደ ቢራ ይዞት መጣ። አካባቢውም የአይብና የሌላ ምግብ ነጋዴዎች ሰፈር ነበር። ቢራው ያደገው እነሱ መሀል ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ቦታው «የቢራ ማይል» የሚል ስም ወጣለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከመጀመሪያው ቅስት እስከ መጨረሻው እየጠጣ ለመድረስ መሮጥ ጀመረ። ሕዝቡ ከአቅም በላይ ሲሆንበት ከርነል ራሱ እዚያው ማስጠጣቱን ለተወሰነ ጊዜ አቁሞ በጠርሙስ ብቻ ወደ መሸጥ ዞረ። ዝርዝር ይዞ የሚሮጥ ጎብኚ የሚወደውን ቤት በር ራሱ ያዘጋዋል ስል ከመሬት ተነስቼ አይደለም።

ምግብ ቤትና ጠማቂ እንዴት ተስማምተው እንደሚኖሩ ማየት የሚፈልግ ደግሞ የጀርመኗን ሙኒክን ይጠይቅ። ታሪኩ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ላርዝመው። ሙኒክ ባለችበት በባቫሪያ በ1539 በወጣ ደንብ ቢራ መጥመቅ የሚፈቀደው ከመስከረም መጨረሻው የቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ሚያዝያው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ድረስ ብቻ ነበር። በጋው ሲመጣ ሙቀቱ ቢራውን ያበላሻል፣ የጠመቃ እሳቱም ለከተማ አደጋ ነው። ስለዚህ ጠማቂዎች በብርዱ ወራት የጠመቁትን ለበጋ ለማቆየት ከመሬት በታች ምድር ቤት ቆፈሩ፤ በላዩ ላይ ጠጠር አነጠፉ፣ ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ተከሉበት፣ ጥላው ምድር ቤቱን እንዲያቀዘቅዝ ብለው። ሰው ደግሞ ጥላና ቀዝቃዛ ቢራ ወዳለበት መምጣቱ አይቀርም። ጠማቂዎቹ አግዳሚ ወንበር ደርድረው እዚያው መቅዳት ጀመሩ። በዚህ ጊዜ የከተማው ትንንሽ ምግብና መጠጥ ቤቶች ጮኹ፤ ደንበኛችንን ወሰዱብን አሉ። ንጉሥ ማክሲሚልያን 1ኛ ዮሴፍ በ1812 ያመጣው መላ ቀላል ነበር። ጠማቂው ከምድር ቤቱ ቢራውን ይሽጥ፣ ምግብ ግን ከዳቦ በቀር አይሽጥ። ሰዉም ምግቡን ከቤቱ ቋጥሮ መምጣት ጀመረ። ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ሙኒክ ውስጥ በዛፎቹ ሥር ጨርቅ ባልለበሰ ጠረጴዛ ላይ የራስህን ምግብ ዘርግተህ ከቤቱ ቢራ ብቻ ብትገዛ ማንም ቀና ብሎ አያይህም። ሁለት ዓይነት ነጋዴ አንዱ ሌላውን ሳይበላው እንዲኖር ያደረገ ደንብ ነው፤ 200 ዓመት አልፎታል።

የተገላቢጦሹን ያየነው አሜሪካ ነው። አልኮል በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1920 እስከ 1933 ተከልክሎ ሲፈቀድ የወጡት ሕጎች ጠማቂን፣ አከፋፋይንና ቸርቻሪን ለያዩ። በብዙ ግዛቶች ጠማቂ የጠመቀውን እዚያው ቀድቶ ለጠጪ መሸጥ አይችልም ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? የሰፈር ጠማቂ ጠፋ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያ ሁሉ አገር ውስጥ የቀረው ጠማቂ 100 አይሞላም ነበር። ከዚያ በርት ግራንት የሚባል ሰው በ1982 በዋሽንግተን ግዛት በያኪማ ከተማ እየጠመቀ የሚያስተናግድ ቤት ከፈተ፤ ከክልከላው ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ኦሪገን በ1985 ሕጉን ቀየረች። ሌሎች ተከተሉ። ዛሬ በአገሩ ከ9,000 በላይ ጠማቂዎች አሉ። በብዛት ትንንሽ ናቸው፤ ቢራቸውን የሚሸጡትም በአመዛኙ በእግር መጥቶ ለሚጠጣ ሰው ነው።

ዴንቨር ላይ የሆነውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጆን ሂክንሉፐር ከሥራ የተቀነሰ የጂኦሎጂ ባለሙያ ነበር። በ1988 ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ በመሀል ከተማው በታችኛው ክፍል፣ ባዶ መጋዘኖች በበዙበት ሰፈር፣ አንድ አሮጌ የንግድ ሕንፃ ውስጥ ዊንኩፕ የሚባል ጠመቃና ምግብ ቤት አንድ ላይ ከፈቱ። ያን ጊዜ እዚያ ሰፈር ማታ ሰው አይታይም ነበር። ዛሬ ከከተማው በሰው ከሚጨናነቁት ሰፈሮች አንዱ ነው። ሰውዬው በ2003 የከተማው ከንቲባ ሆነ፣ ቀጥሎ የግዛቱ አስተዳዳሪ፣ አሁን ሴናተር ነው። አንድ ቤት ሰፈር ያነቃል ስንል እንዲህ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ቤቱ ሰፈሩን ያነቃው ሌሎች ቤቶችም ተከትለው ስለተከፈቱ ነው። ብቻውን ቢቀር ኖሮ ባዶ መጋዘኖች መሀል ያለ አንድ መብራት ሆኖ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ሰፈር እንዴት ይጎበኛል? መጀመሪያ በእግር። ከቤት ወደ ቤት አሥር ደቂቃ የማያስኬድ ሰፈር ምረጡ። ከተቻለ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሂዱ፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ አስተናጋጁም ባለቤቱም ትንፋሽ በሚያገኙበት ሰዓት። ቅዳሜ ማታ ማንም አያጫውታችሁም። መጫወት ጠልተው ሳይሆን ጊዜ ስለሌላቸው ነው። ብሉ፣ ከዚያ ጠጡ። በየቤቱ ሙሉ ምግብ አትዘዙ፤ ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ አንድ ሰሃን ተካፈሉ። ቢራውንም በትንንሽ የቅምሻ ብርጭቆ ጠይቁ፤ አብዛኛው ትንሽ ጠማቂ አለው። ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደ ከባዱ፣ ከመራራ በፊት ለስላሳውን። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ምላሳችሁ በመጀመሪያው ይያዝና ቀጣዩ ሁሉ ውሃ ውሃ ይላችኋል።

አስተናጋጁን «ምርጡ የቱ ነው?» አትበሉት። ሁሉም ምርጥ ነው ይላችኋል፣ ምን ይበል ታዲያ! ይልቅ «ዛሬ አዲስ በርሜል የተከፈተው የቱ ነው?» በሉት። «አንተ ከሥራ ስትወጣ የት ነው የምትበላው?» በሉት። ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ከየትኛውም ዝርዝር የተሻለ ምግብ ቤት የምታሳያችሁ እሷ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜም ቤቱ ከዚያው ሁለት መታጠፊያ አያልፍም።

ብርጭቆውንም እዩት። ብዙ ሰው አይቶት ስለማያውቅ ነው በዝርዝር የምጽፈው። ቢራው ሲቀዳ አረፋዎች በብርጭቆው የውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ብርጭቆው በደንብ አልታጠበም፤ ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት አለበት። ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። እየጠጣችሁ ስትሄዱ በየጉንጩ ልክ ነጭ የአረፋ ቀለበት በግድግዳው ላይ እየተወ ይወርዳል። ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ቀለበቶቹን ቆጥራችሁ በስንት ጉንጭ እንደጨረሳችሁት ማወቅ ይቻላል። ብርጭቆውን የሚያጥብ ቤት ምጣዱንም ያጥባል። እኔ የማላውቀው ቤት ገብቼ ምግብ ከማዘዜ በፊት መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው።

ቀጥሎ ሽታ። ድራፍት ከበርሜል ወደ ብርጭቆ የሚመጣበት ቱቦ ካልጸዳ ጥሩ የተጠመቀውን ሁሉ ያበላሻል። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር መመሪያ በየ14 ቀኑ ይጽዳ ይላል። የኮመጠጠ፣ ኮምጣጤ የሚመስል ሽታ ከመጣ፣ ወይ ቢራው የተቀለጠ ቅቤ ቅቤ ካለ፣ በትሕትና መልሱት። ጠማቂው ላይ አትፍረዱ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቱቦው ነው። ስለ ጠርሙስም አንድ ነገር ልበል። ብርሃን የቢራ ጠላት ነው። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በደንብ ይከላከላል፣ አረንጓዴውና ነጩ አይችሉም። መስኮት ዳር ፀሐይ ላይ የተደረደረ ቢራ ካያችሁ ከሌላ ቦታ እንዲያመጡላችሁ ጠይቁ።

ጠማቂው ጊዜ ካለው ጋኖቹን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። ያልበሰለ ብቅል በመዳፋችሁ ይሰጣችኋል፤ ቆርጥሙት፣ ጣፋጭ ነው፣ የተቆላው ደግሞ ቡና ቡና ይላል። ሆፕሱን፣ ቢራውን መራራ የሚያደርገውንና መዓዛ የሚሰጠውን አበባ፣ በሁለት መዳፍ አሽታችሁ አሽትቱት። ውሃ፣ ብቅል፣ ሆፕስና እርሾ፤ በቃ፣ መሠረቱ ይሄ ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ሙቀትና ጊዜ ናቸው። አንዱ እርሾ በክፍል ሙቀት ገደማ በጥቂት ቀናት ሥራውን ይጨርሳል። ሌላው ቀዝቃዛ ይወዳል፣ 10 ዲግሪ አካባቢ፣ ከዚያም ሳምንታት በብርድ ተኝቶ መጥራት አለበት። ትንሽ ጠማቂ ሁለተኛውን ዓይነት ከያዘ አክብሩት። ጋኑን ሳምንታት ይዞ መቆየት ለትልቅ ፋብሪካ ምንም አይደለም፤ ሦስት አራት ጋን ብቻ ላለው ሰው ግን ከባድ ነገር ነው።

ጥሩ ሰፈር የራሱ ሥርዓት አለው። ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ ከተማ ብትሄዱ ቢራው የሚቀርበው 0.2 ሊትር በምትይዝ ቀጭን ብርጭቆ ነው። ኮብስ የሚባሉት አስተናጋጆች የመሀል እጀታ ባለው ክብ ትሪ ይዘው ይዞራሉ። ብርጭቋችሁ ሲያልቅ ሳይጠይቁ ሌላ ያስቀምጣሉ፤ ከብርጭቆው ሥር ባለው ክብ ካርቶን ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት ይጨምራሉ። ሂሳቡ ያ ካርቶን ነው። በቃኝ ለማለት ካርቶኑን አንስታችሁ ብርጭቆው አፍ ላይ ትከድኑታላችሁ። እንግዳ ሰው ይሄን ሳያውቅ ገብቶ ቢራው ለምን አያቆምም ብሎ ይጨነቃል። እንደዚህ ያለውን ነው ጋዜጣ ሊነግረን የሚገባው። የምግቡን ነጥብ ማንም ሰጥቶታል፤ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ ግን የሚነግረን የለም።

ነዋሪውንም አትርሱት። ለጎብኚው መዝናኛ የሆነው ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ለተኛ ሕፃን የእንቅልፍ ጠላት ነው። ሙኒክ አጠገብ በ1995 ጎረቤቶች ስለ ጩኸት ከስሰው ከላይ ያነሳሁት ዓይነት፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቢራ የሚጠጣበት አንድ ቤት ቀደም ብሎ እንዲዘጋ ተፈረደበት። ከ20,000 በላይ ሰው ከተማው ላይ ሰልፍ ወጣ። ነገሩ የተቋጨው ግን በሰልፍ አልነበረም። በ1999 በወጣው ደንብ ሙዚቃ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይቆማል፣ መቅዳት 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሩ 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ለቀቀ። ሰፈር የሚኖረው እንዲህ ነው። ስለዚህ ስትወጡ በር ላይ ቆማችሁ አታውሩ፣ መኪና አታስጩኹ።

መኪና ካነሳሁ አይቀር፣ ጠጥቶ መንዳት የለም። ይሄ ክርክር የለውም። ሰፈርን በእግር መጎብኘት ካሉት ጥቅሞች አንዱም ይሄው ነው። ለማይጠጣ ጓደኛም ቦታ ይኑር። ዛሬ ብዙ ጠማቂ ከአልኮል ነፃ የሆነ ቢራ በደንብ ይሠራል፤ ለስላሳ ራሱ የሚጠምቅም አለ። የማይጠጣው ሰው ጥግ ላይ ውሃ ይዞ የሚቀመጥበት ቤት ግማሽ ቤት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። የምጠይቀው ከባድ አይደለም። በየወሩ አንድ ሰፈር ምረጡ። ጋዜጠኛችሁ አንድ ቀን ሳይሆን ደጋግሞ ይሂድ፣ አንዴ ጠዋት ዳቦ ሲወጣ፣ አንዴ ከሰዓት ጠማቂው ጋኑን ሲያጥብ፣ አንዴ ማታ። ማን ለማን እንደሚያቀርብ ይጠይቅ። ካርታ ሥሩልን፣ ትንሽ የእጅ ሥዕል ብትሆንም ይበቃል፤ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጻፉበት። የትኛው ቤት ምግብ ይዞ መግባት እንደሚፈቅድ፣ የትኛው ቀን እንደሚዘጋ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ደረጃ አለው የለውም፣ ይሄን ሁሉ ንገሩን። ነዋሪውንም አናግሩት፤ ቤቱ ሲከፈት ደስ ያላቸውን ብቻ ሳይሆን ያማረሩትንም። ኮከብና ነጥብ አትስጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ወደዚያው ሰፈር ተመለሱና ማን እንደቆየ፣ ማን እንደዘጋ፣ ኪራይ የነቀለው ማን እንደሆነ ጻፉልን። የመጀመሪያው ሰፈር ሲወጣ ጋዜጣውን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ካርታው ላይ ስህተት ካገኘሁም እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ቋሚ አንባቢያችሁ